ጨለማን እየፈሩ ህልምን መምራት ይቻላል?

 

ከጥቂት ወራት በፊት ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ፣ በታናሽ ወንድሜ ክፍል በር ሥር ብርሃን አየሁ። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስለሆነ እያጠና መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቆይቶ ግን ለሱብሒ ስቀሰቅሰው አልነሳ አለኝ። ክፍል ውስጥም ዴስክ ላይ ተደፍቶ እንደሚተኛ ሰማን።

ጠርቼ ስጠይቀው እያፈረ ነገረኝ። ቪዲዮ አይቶ «ነቅቶ ማለም» እየተለማመደ ነው። ለዚህ ሲል አላርም ሞልቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሳል። መብራቱን አጥፍቶ መልሶ መተኛት ግን አቃተው። «በሩ ጋ ሰው የቆመ ይመስለኛል» አለኝ። በሩ ላይ ያለው የራሱ ጃኬት ነው። ጃኬት መሆኑን እሱም ያውቃል፤ ማወቁ ግን አልጠቀመውም።

በዚህ ጉዳይ ከእሱ ጋር ያሳለፍነውን ዛሬ ላካፍላችሁ። ይህ ፍርሃት ያለበት ሰው ብዙ ነው፤ ግን «ትልቅ ሰው ሆኜ» እያለ ይደብቀዋል።

🌙 ነቅቶ ማለም ምንድን ነው?

ህልም ላይ ሆኖ «ይሄ እኮ ህልም ነው» ብሎ ማወቅ ነው። አንዳንዱ ሰው ከዚያ አልፎ ህልሙን በመጠኑ መምራት ይችላል። ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዝ ውስጥ ኪዝ ሄርን የተባለ ተመራማሪ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ላበርጅ ይህንን በሙከራ አሳይተዋል። የተኛው ሰው ህልም ላይ መሆኑን ሲያውቅ፣ አስቀድሞ በተስማሙት መሠረት ዓይኑን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በማንቀሳቀስ ምልክት ሰጠ፤ መሣሪያውም መዘገበው።

እንቅልፋችን ወደ 90 ደቂቃ በሚጠጉ ዙሮች የሚሄድ ሲሆን፣ ረጃጅሞቹ ህልሞች የሚመጡት ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ነው። ስለዚህ ልምምዱ አምስት ሰዓት ያህል ተኝቶ መነሳትን፣ ጥቂት ቆይቶም ተመልሶ መተኛትን ይጠይቃል። ጨለማን ለሚፈራ ሰው ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰብ ሁሉ በተኛበት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ብቻውን ይጋደማል።

🌙 ለምን እንፈራለን?

አንደኛው ምክንያት ዓይናችን ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ስልካችንን ከፍተን ካየን ደግሞ ያ ሁሉ በሰከንዶች ይፈርስና እንደ አዲስ ይጀምራል። በዚያ ላይ በጨለማ የሚያዩት የዓይን ሕዋሳት በእይታችን ማዕከል ላይ የሉም፤ የሚበዙት ወደ ዳር ነው። ለዚህ ነው በዓይናችን ጠርዝ «የሆነ ነገር» አይተን ትኩር ስንልበት የሚጠፋው። የጎደለውን አእምሯችን ይሞላዋል፤ የፈራ አእምሮ ደግሞ በሰው መልክ ይሞላዋል።

ሁለተኛው ዱካክ ነው። ህልም በምናይበት ሰዓት ከዓይንና ከመተንፈሻ በቀር ጡንቻዎቻችን ይላላሉ። ይህ ባይሆን በህልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንወድቅ ነበር። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት ይዘገያል። ያኔ መንቀሳቀስ ያቅተናል፤ ደረታችን ላይ የተጫነ ነገር፣ ክፍሉ ውስጥም ሰው ያለ ይመስለናል። ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ይቆይና ያልፋል፤ በራሱ ጉዳት አያደርስም። እንቅልፍ ሲያንስና ሲቆራረጥ፣ በጀርባ ሲተኛም ይበዛል። ወንድሜ በየሌሊቱ እንቅልፉን እየቆራረጠ ለምን እንደባሰበት አሁን ገባችሁ።

«ጂን ይሆን?» ብሎ ጠይቆኛል። ጂን መኖሩን እናምናለን፤ ግን እያንዳንዱ ጥላ ጂን አይደለም። አላህም ያለ መጠበቂያ አልተወንም። በሱረቱል ፈለቅ፣ ጨለማ በተጋረደ ጊዜ ካለው ክፋት በእሱ እንድንጠበቅ አስተምሮናል። ይህን ሱራ የምንቀራ ሰዎች ጨለማን መፍራታችን ሊያሳፍረን አይገባም። ፍርሃቱ የታወቀ ነው፤ ወዴት ይዘነው እንደምንሄድም ተነግሮናል።

🌙 የመዲናው ሌሊት

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን አንድ ታሪክ ነገርኩት። አንድ ሌሊት የመዲና ሰዎች በሰሙት ድምፅ ደነገጡ። ድምፁ ወደተሰማበት አቅጣጫ ሲወጡ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያው ሲመለሱ አገኟቸው። እሳቸው ኮርቻ በሌለው በአቡ ጠልሓ ፈረስ ላይ፣ ሰይፋቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቀድመው ሄደው አይተው ነበር። ሰዎቹንም አይዟችሁ ብለው አረጋጓቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ሰዎቹን ያረጋጓቸው ሄደው ካዩ በኋላ ነው። ወንድሜ ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነበር፤ ድምፅ ሲሰማ ብርድ ልብሱን ይከናነባል፣ መብራት ያበራል። መብራቱ በበራ ቁጥር ለጊዜው ይረጋጋል፤ አእምሮው ግን «ያዳነኝ መብራቱ ነው» የሚል ትምህርት ይወስዳል። በሚቀጥለው ሌሊት ፍርሃቱ ጨምሮ ይመጣል።

🌙 ያደረግነው

1. ህልሙን ለጊዜው አቆምነው። መጀመሪያ እንቅልፉ ይስተካከል፣ ሱብሒው ይመለስ ተባባልን።

2. ጨለማውን ቀስ በቀስ አለማመድነው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የኮሪደሩ መብራት በርቶ በሩ ገርበብ ይላል። ከዚያ በሩ ይዘጋል። ከዚያ የኮሪደሩም ይጠፋል። ወደ ቀጣዩ የሚሻገረው ያለበት ሲቀለው ነው። ፍርሃቱ ጫፍ ላይ በደረሰበት ሰዓት ላለመሸሽ ተስማማን፤ በረጅሙ እየተነፈሰ ትንሽ ሲቆይ ይወርዳል። የወረደበትን ሌሊት አእምሮው አይረሳውም።

3. ጃኬቱን ከበሩ አላነሳነውም። ሲያስፈራው ተነስቶ ሄዶ በእጁ ይነካዋል፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። አሥር ጊዜ እየተነሱ ማረጋገጥ ፍርሃቱን መመገብ ነው።

4. ወደ ሱናው ተመለስን። ውዱእ አድርጎ፣ ፍራሹን አራግፎ፣ አያተል ኩርሲን ቀርቶ፣ ኢኽላስን፣ ፈለቅንና ናስን መዳፉ ላይ ቀርቶ ሰውነቱን አብሶ በቀኝ ጎኑ ይተኛል። በጎን መተኛት ለዱካክም ይረዳል። ዱካክ ከመጣ አይታገልም፤ በልቡ ቢስሚላህ ይላል፣ ረጋ ብሎ ይተነፍሳል፣ አንድ ጣቱን ለማንቀሳቀስ ይሞክራል።

5. ከአንድ ወር በኋላ ወደ ህልሙ ተመለሰ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ በፈተና ሰሞን ደግሞ ጭራሽ የለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲነሳ ስልክ አይከፍትም። ውዱእ አድርጎ ሁለት ረከዓ ይሰግዳል። የሌሊቱ የመጨረሻ ሲሶ ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝበት ሰዓት ነው፤ እሱ ግን ለሳምንታት በዚያ ሰዓት እየተነሳ በሩን ሲያይ ነበር የሚያሳልፈው። ከሰገደ በኋላ «ህልም ሳይ ህልም መሆኑን አስታውሳለሁ» ብሎ አስቦ ይተኛል። ጠዋት የታየውን ደብተር ላይ ይጽፋል።

🌙 ከዚያስ?

አንድ ቀን ከሱብሒ በኋላ እየሳቀ መጣ። በህልሙ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ የሆነ ነገር ከኋላው ይከተለዋል። ሊሮጥ ሲል ህልም መሆኑን አወቀ። «ጃኬቱ ትዝ አለኝና ዞርኩ» አለኝ። ሲዞር የሰፈራችን ውሻ ነው፤ ጭራውን እየቆላ።

ህልም ከምንጠብቀው ነገር ብዙ ይወስዳል። እየሸሸን ካለምን የሚያሳድደን ይበዛል፤ ቆመን ማየት ከለመድን ህልሙም አብሮን ይለወጣል። ልምምዱ የሚጀምረው ግን ነቅተን፣ በገዛ ክፍላችን ጨለማ ውስጥ ነው።

⚠️ ሦስት ማሳሰቢያ፦

• መጥፎ ህልም ያየ ሰው ወደ ግራው ሦስት ጊዜ እንትፍ እንዲል፣ ከሸይጧን በአላህ እንዲጠበቅ፣ ጎኑን እንዲቀይርና ለሰው እንዳያወራ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል።

• በህልም የታየ ነገር ሐላሉን ሐራም፣ ሐራሙን ሐላል አያደርግም። የምንመራው ህልም ደግሞ የገዛ ሐሳባችን መሆኑን አንርሳ።

• ቅዠቱ በየሌሊቱ ከሆነ፣ ቀን ላይ ህልሙና እውኑ ከተምታታባችሁ፣ ወይም የአእምሮ ሕመም ገጥሟችሁ የሚያውቅ ከሆነ ልምምዱን ተዉትና ሐኪም አማክሩ። ሩቅያ ማስደረግና መታከም አይጣሉም።

ወንድሜ ዛሬ መብራት አጥፍቶ ይተኛል። ሱብሒን መስጂድ ለመስገድ ከቤት የምንወጣው ገና ሳይነጋ ነው፤ መንገዳችን ላይ ያለው የመንገድ መብራት ከተበላሸ ቆይቷል። በጨለማ ወደ መስጂድ ለሚጓዙ ሰዎች የቂያማ ቀን ሙሉ ብርሃን እንደሚሰጣቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አበስረዋል። ይህን ሐዲስ ከነገርኩት ወዲህ ከፊት ከፊቴ ነው የሚሄደው።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ብቻ መብራቱን አጥፍታችሁ፣ ስልኩን አርቃችሁ፣ ዚክር እያላችሁ ተቀመጡ። የሚያስፈራችሁ ነገር ካለ ተነስታችሁ ንኩት።

አላህ ሌሊታችንን የሰላም፣ ህልማችንን መልካም፣ ቀብራችንን ብርሃን ያድርግልን። አሚን።

መብራት አብርቶ የሚተኛ ጓደኛ ካላችሁ አካፍሉት፤ እንዳትስቁበት ግን። መልካም ጁምዓ!