ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚጮኸው ፌንጣ



በዚህ ሳምንት ከወረታ አንድ ወንድማችን እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «ኡስታዝ፣ ግድግዳችን ውስጥ የገባ ፌንጣ ከዒሻ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል። እንቅልፍ አጥቼ ሱብሒ እያመለጠኝ ነው። ለሽንኩርት ከረጨነው መድኃኒት የተረፈ አለ፤ ቤት ውስጥ ልርጨው?»

መልሱን ላስቀድም፦ አትርጭ። የማሳ መድኃኒት ልጆች በሚተኙበትና ምግብ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ፌንጣውን ብቻ መርጦ አይነካም። አንድ ጉንዳን ስለነከሰችው መንደራቸውን ያቃጠለው ነቢይ መወቀሱን ከቡኻሪና ከሙስሊም ዘገባ ታውቃላችሁ።

ለመሆኑ የሚጮኸው ማን ነው? እኛ የሚዘለውን ሁሉ ፌንጣ እንላለን። ቀን ሳር ላይ የምታዩት አንቴናው አጭር ነው። የሌሊቱ፣ ክሪኬት የሚባለው፣ እንደ ክር የቀጠነ ረጅም አንቴና አለው። ድምፁ ከአፉ አይወጣም። በአንዱ የፊት ክንፉ ላይ እንደ ሞረድ ጥርስ ያለው ጅማት አለ፤ የሌላው ክንፍ ጠርዝ ሲፍቀው ይጮኻል። የሚጠራው ወንዱ ነው፣ የምትጠራው ሴቷ። እሷ ደግሞ የምትሰማው በእግሯ ነው! ጆሮዋ የፊት እግሮቿ ላይ፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሱብሓነላህ። ስትጠጉት ዝም የሚለውም የእርምጃችሁን ንዝረት በእግሩ፣ የአየሩን እንቅስቃሴ ከኋላው ባሉት ሁለት ጭራዎች ስለሚያውቅ ነው።

ፎገራ ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሲጥለቀለቅ ደረቅ መጠጊያ ይፈልጋል። በበጋ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ሲሰነጣጠቅ ስንጥቁ ቤቱ ነው። የቤታችሁ የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅም ለእሱ ያው ነው።

«ሰብል ይበላ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ የሚበላም አለ። በወሎ ደገዛ የሚሉት ዘመዱ የጤፍ ገበሬ ጠላት ነው። ክንፉ አጭር ስለሆነ አይበርም፤ እንቁላሉ በጋውን አፈር ውስጥ ከርሞ ዝናብ ሲገባ ይፈለፈላል። እሱ የማሳ ጉዳይ ነው፤ ከግብርና ባለሙያ ጋር ይመከርበታል። ግድግዳችሁ ውስጥ ላለው አንድ ፌንጣ ግን ያ ሁሉ ዘመቻ አያስፈልግም።

ዛሬ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ጸጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ጩኸቱን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ በሌላ ቀዝቃዛ ሌሊት ደግማችሁ ቁጠሩ፣ ቁጥሩ ይቀንሳል። የሰውነቱ ሙቀት ከአየሩ ጋር ስለሚወርድ ክንፉም ይዘገያል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዶልቤር በ1897 እ.ኤ.አ. ከጩኸቱ ብዛት የአየሩን ሙቀት ማስላት እንደሚቻል ጽፎ ነበር። (ስሌቱ ለዚያ አገር ፌንጣ ነው፤ ለፎገራው ቁጥሩ ይለያል።)

ከዚያ ድምፁ ወደሚመጣበት ቀስ እያላችሁ ቅረቡ፤ ዝም ሲል ቁሙ፣ ሲጀምር ተራመዱ። ሲወጣ ብርጭቆ ድፉበት፣ ከሥሩ ወረቀት አስገቡና ውጭ ሳር ላይ ልቀቁት። ጠዋት ስንጥቁን በጭቃ ምረጉት።

ወንድሜ፣ የተረፈውን መድኃኒት ግን ልጆች ከማይደርሱበት አርቀህ ቆልፍበት።