መብራት ጠፋ ማለት ማሽኑ ጠፋ ማለት አይደለም

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ከፎገራና ከደምቢያ ዳርቻ በማዳበሪያ ተጭኖ የሚመጣው አረም ባሕር ዳር ውስጥ ላቦራቶሪ ገብቶ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። አምባዛና ቆሮሶም ለምርመራ ይበለታሉ። እንዲህ ባለ ክፍል ውሃ፣ ስለትና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ይገናኛሉ።

አንድ ከሰዓት የደረቀ እምቦጭ ስንፈጭ መብራት ጠፋ። መፍጫው አሮጌ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ራሱን አያጠፋም። ጓደኛዬ ከፍቶ የተጠቀጠቀውን ናሙና በጣቱ ጠረገ። እጁን አውጥቶ ዱቄቱን ሲያራግፍ መብራቱ መጣና ስለቱ ባዶውን ጮኸ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማናችንም አልነካነውም ነበር። ስንቆርጥማ ዓይናችን ስለቱ ላይ ነው፤ አደጋው የሚያደባው ሥራው ሲቋረጥና ሲያልቅ ነው።

ያዘጋጁ፦ ስለት የሚቋቋም ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ ፊቱ የተሸፈነ ጫማ፣ መቆንጠጫ፣ ብሩሽ፣ ሴፍቲ ቦክስ።

1. እርጥቡንና ደረቁን ይለዩ። አዲስ የተነቀለ እምቦጭ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው፤ እንደተቀመጠ ይንጠባጠባል። ማጠቢያና መበለቻው በአንድ በኩል፣ ማሽኑ በሌላ በኩል ይሁን። ማከፋፈያ ሶኬት ወለል ላይ አይተዉ።

2. ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዩ። የተላጠ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ወይም የሚሞቅ ከሆነ አይሰኩት። የቤታችን መስመር 220 ቮልት ነው፤ በልብ በኩል ካለፈ ከ30 ሚሊ አምፔር ትንሽ የበለጠ እንኳ ሊገድል ይችላል። የመሬት መስመር መኖሩንና የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር መገጠሙን በባለሙያ ያስፈትሹ።

3. ምላጩን በጣት አይግጠሙ። የስካልፔል ምላጭ የሚገባውም የሚወጣውም በመቆንጠጫ ነው፤ ስለቱ ከሰውነትዎ ወደ ውጭ ይዙር። የአምባዛ ቆዳ ያዳልጣል፤ ዓሣውን በጨርቅ ይያዙት፣ የያዘው እጅም ከስለቱ መንገድ ውጭ ይሁን። ምላጩ ካልቆረጠ ጉልበት አይጨምሩ፤ ይቀይሩት። ለሰው ሲያቀብሉ ከእጅ ወደ እጅ ሳይሆን ትሪ ላይ አስቀምጠው ነው።

4. ማይክሮቶም (ናሙናን በስሱ የሚቆርጠው መሣሪያ) ላይ መጀመሪያ ናሙናውን፣ ቀጥሎ ምላጩን ይግጠሙ። ሲያወጡ በተቃራኒው፣ ምላጩ ይቀድማል። እጅዎ ወደ ስለቱ በተጠጋ ቁጥር መዘውሩ ይቆለፍ፣ መከለያውም ይመለስ። ቁርጥራጩን በብሩሽ እንጂ በጣት አያንሱ።

5. መፍጫውን ለመክፈት ቅደም ተከተሉን አያፋልሱ። ያጥፉ፤ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ስለቱ መቆሙን ይጠብቁ፤ ከዚያ ይክፈቱ። መብራት ሲጠፋም ያው ነው። የተጠቀጠቀውን በእንጨት ዘንግ ወይም በብሩሽ ያውጡ።

6. ያገለገለ ምላጭ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ይግባ። ሳጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዝጉት። በወረቀት ተጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ የተጣለ ምላጭ፣ በማግስቱ ጠዋት ቆሻሻውን በእጇ ጠቅጥቃ የምታስረውን የጽዳት ሠራተኛ ይጠብቃታል። እሷ ጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም፤ እርስዎ ግን ያውቃሉ።

አደጋ ከደረሰ

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅዎ አይንኩት፤ መጀመሪያ ቆጣሪውን ወይም ብሬከሩን ያጥፉ። መተንፈስ ካቆመ ደረቱን በመጫን የልብና የሳንባ እርዳታ ይጀምሩ፣ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ስለት የቆረጠውን ቦታ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው ደሙን ያቁሙ። ስለቱ የሰው ደም ነክቶ ከነበረ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ መጠንም ይሻላል። የቴታነስ ክትባትም ይጠይቁ።

በመጨረሻም ይህችን በትልቁ ጽፈው ከሶኬቱ በላይ ይለጥፉ፦ «መብራት ሲጠፋ፣ መጀመሪያ ማሽኑ ጠፍቶ ሶኬት ይነቀላል።»