ሞተር ብቻውን አይገባም

ገርጂ ውስጥ ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ፣ ከቆርቆሮው ጥግ አንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር አፏን ከፍታ ቆማ ብታዩ አይግረማችሁ። ኮፈኗ ተነሥቷል፤ ራዲያተሯ ወርዶ ግድግዳ ተደግፏል፤ ሞተሯ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ባለቤቷን «ምን ሆና ነው?» ብትሉት «ናፍጣ ላደርጋት ነው» ይላችኋል። ሦስት ቃል ናት። የዛሬው ትምህርታችን የእነዚህ የሦስት ቃላት ትርጓሜ ነው። የአብነት ተማሪ ንባቡን ሳያጸና ወደ ትርጓሜ አይሻገርምና እኛም ከንባቡ እንጀምር።

ላንድክሩዘር ከፋብሪካዋ ቤንዚኑንም ናፍጣውንም ለብሳ የኖረች መኪና ናት። ባለቤንዚኗ ኤፍጄ40 መጀመሪያ 3.9 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የኤፍ ሞተር ነበራት፤ ከ1975 ጀምሮ 4.2 ሊትሩ 2ኤፍ ተተካላት። (ዓመታቱን በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቶዮታ በዚያው አካል ላይ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ጭኖ ቢጄ40 ብሎ መሸጥ ጀምሮ ነበር። በ1980 ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 2ኤች መጣ፤ በ1990 ደግሞ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ፣ ዛሬ በየወረዳው አቧራ የሚያስነሣው ማለት ነው።

ከዚህ ንባብ አንድ ነገር ያዙ። ሞተር ሲመረጥ የሚቀድመው ዋጋ አይደለም፣ ዝምድና ነው። ከአንድ ቤት የወጣ ሞተር ሱፖርቶውን፣ ከካምቢዮ ጋር የሚያጋጥመውን የብረት ቤት፣ ቱቦውን ሁሉ ከዘመዶቹ ያገኛል። የጭነት መኪና ሞተር በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው ግን ያተረፈውን በቶርኖ ቤት ደጃፍ ይመልሰዋል፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ አዲስ ፈጠራ ይሆንበታልና። ሞተሩና ካምቢዮው መሐል ለመሐል ካልተገጣጠሙ፣ የፀጉር ያህል መዛነፍ እንኳ ፍሪሲዮኑንና የካምቢዮውን ዘንግ ይበላዋል።

ሌላም አለ። ጉልበት ፍለጋ ከሆነ የምትለውጡት፣ ተዉት። 2ኤፍም 1ኤችዜድም 130 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ናቸው። የሚገኘው ትርፍ በነዳጅ ነው፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን የበለጠ ኃይል ይይዛል፣ ሞተሩም ያንን ኃይል በተሻለ ይጠቀምበታል። በዚህ ላይ የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ያለችውን አሮጌ መኪና ዕድሜዋን ማስረዘም የብዙ ሰው ሐሳብ ቢሆን አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር በምን ይለያል? ብዙ ሰው «በነዳጁ» ይላል። አልተሳሳተም፤ የያዘው ግን ቅርንጫፉን ነው። ጥያቄው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ እሳቱ ከየት ይመጣል? በቤንዚን ሞተር እሳቱ ከካንዴላ ይመጣል። አየርና ቤንዚን ተደባልቀው ይገባሉ፣ ወደ ስምንት እጥፍ ይታመቃሉ፣ ካንዴላው ብልጭ ሲል ይቀጣጠላሉ። በናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለም። የሚገባው አየር ብቻ ነው። 1ኤችዜድ ይህን አየር 22.4 እጥፍ ያምቀዋል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ልጅ የመንፊያው ጫፍ እጁን ሲፈጀው ያውቃል፤ የታመቀ አየር ይግላል። ሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በዚያ ቅጽበት ኖዝሉ ናፍጣውን ሲረጭ ያለ ምንም ብልጭታ ይነዳል። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 አውግስቡርግ ላይ ያሳየው ሞተር የነዳጁን ሙቀት ሩብ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ፤ ለዚያ ዘመን ተአምር ነበር። የተአምሩ ምንጭ ይኸው እመቃ ነው።

ይህን ሥር አጥብቃችሁ ከያዛችሁ ቅርንጫፎቹን እኔ ሳልነግራችሁ ትደርሱባቸዋላችሁ። አብረን እንሞክር።

22 እጥፍ የሚያምቅ ሞተር ለመነሣት ምን ይፈልጋል? ኃይለኛ ሞተሪኖ። ኃይለኛ ሞተሪኖ ምን ይፈልጋል? ኃይለኛ ባትሪ። ስለዚህ ብዙዎቹ የቀድሞ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች ሞተሪኗቸው 24 ቮልት ነው፤ የባለቤንዚኗ መብራት፣ መጥረጊያና ዳሽቦርድ ግን በ12 ቮልት ነው የሚኖሩት። ሞተሩን ገዝታችሁ ስታመጡ ሞተሪኖው፣ ዲናሞውና ካንዴሌታው ስንት ቮልት እንደሆኑ አንብቡ። (ካንዴሌታ ካንዴላ አይደለም፤ በብርድ ጧት ናፍጣው የሚነድበትን ክፍል አስቀድሞ ማሞቂያ ነው።) ሦስቱም ወደ አንድ ቮልት ቢመጡ፣ በተለይ ወደ 12፣ ሰላም ታገኛላችሁ። የ12 ቮልት ካንዴሌታ 24 ሲለቀቅበት በአንድ ጧት ነው የሚሰናበተው። ጠንካራ እመቃ ጠንካራ ንዝረትም አለው፤ በንዝረቱ የሚላላ ቡሎን አይጠፋም፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የሱፖርቶዎቹን እንደገና ማጥበቅ ግዴታ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚዘነጋው ቅርንጫፍ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫ ሲረገጥ የሚከፈት፣ ሲለቀቅ የሚዘጋ የአየር በር አለው። በሩ ሲዘጋ ፒስቶኖቹ አየር እንሳብ ብለው ያጣሉ፤ በአየር መሳቢያው ውስጥ ባዶነት፣ መካኒኮች ቫኪዩም የሚሉት፣ ይፈጠራል። በአብዛኛው የናፍጣ ሞተር ላይ ግን ይህ በር የለም። አየሩ ሁልጊዜ እንዳሻው ይገባል፤ ጉልበቱ የሚመጠነው በሚረጨው ናፍጣ ብዛት ነው። በር ከሌለ ቫኪዩም የለም። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? እግራችሁ ነው። የፍሬን ፔዳሉን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በዚያ ቫኪዩም ነበር። ሞተሩ ተለውጦ ሰርቮው ባዶ እጁን ሲቀር ፍሬኑ አይጠፋም፤ ይደድራል። ሜዳ ላይ፣ ገርጂ መንገድ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ «ትንሽ ከብዷል» ትላላችሁ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ስትወርዱ ግን ፔዳሉ ግንብ ይሆናል።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የቫኪዩም ፖምፓ። በብዙዎቹ የቀድሞ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ይህ ፖምፓ በዲናሞው ጀርባ ተለጥፎ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ወጥመዱ። ገዢው ሞተሩን ገዝቶ «ዲናሞ አለኝ» ብሎ የባለቤንዚኗን ዲናሞ ይመልስባታል። ባትሪው ይሞላል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ፍሬኑን ግን ከዲናሞው ጋር አብሮ አውልቆ ጥሎታል። በዲናሞው ጀርባ ያለችውን ያቺን ክብ ነገር፣ የዘይት ቱቦ የሚገባባትን፣ ጣሉልኝ የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናዋን ከዚያ አውጧት።

ከዚሁ ጋር አንድ የቆየ እምነት እናርም። «ናፍጣ ቁልቁለት ይይዛል» ይባላል። እመቃው ትልቅ ስለሆነ ይመስላል። ነገር ግን የታመቀው አየር እንደ ስፕሪንግ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ የበላውን ጉልበት ወደ ታች ሲወርድ አብዛኛውን ይመልሰዋል። በቤንዚን ሞተር ላይ ቁልቁለት የሚይዘው የተዘጋው የአየር በር ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም። ጭስ ማውጫ የሚዘጋ ፍሬን ያላቸው ከባድ መኪኖች ለምን እንደተሠሩ አሁን ይገባችኋል። ስለዚህ ከለውጥ በኋላ ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ የወረዳችሁትን በሁለተኛ ውረዱ።

ከካንዴላው አለመኖር ደግሞ ሌላ ይወለዳል። የቤንዚን ሞተር በቁልፍ ብልጭታው ሲቋረጥበት ይሞታል። የናፍጣው ብልጭታ ስለሌለው ቁልፍ ብታዞሩም ሥራውን ይቀጥላል፤ የሚሞተው ናፍጣው ሲቆረጥ ነው። ቁልፉን ከናፍጣ ማቆሚያው ጋር የሚያገናኝ ሽቦ ወይም በእጅ የሚሳብ ካቦ ያስፈልጋል። አንዳንዶች አራተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮን በመልቀቅ ነው የሚያጠፉት፤ ያሳዝነኛል።

ትናንሾቹን በፍጥነት እንለፍ። የቤንዚን ታንኩ ታጥቦ ይድረቅ፤ ናፍጣው የራሱን የመርጫ ፖምፓ የሚያለሰልስ ቅባት ነው፣ ቤንዚን ሲቀላቀልበት ፖምፓው ደርቆ ይበላል። ትርፍ ናፍጣ ወደ ታንኩ የሚመለስበት ቱቦ ይኑር፤ ውሃ የሚለይ ፊልትሮም አትርሱ። የዙር ቆጣሪው ዙሩን ከብልጭታው ስለሚያነብ አሁን ዜሮ ላይ ይተኛል። በ4.11 ዲፍሬንሻልና ዙሪያው 2.4 ሜትር በሆነ ጎማ፣ በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ሞተሩ በደቂቃ 2,850 ገደማ ይዞራል፤ ለናፍጣ የሚመች ነውና ዲፍሬንሻሉን አትንኩት።

ስለ ከፍታ ግን አላልፍም። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተማ ያረጀ ሞተር ፖምፓው ለዚያ ወፍራም አየር ተመጥኖ ነው የሚመጣው። እዚህ ሲደርስ ያንኑ ናፍጣ ይረጫል፣ የሚያነደው አየር ግን ጎድሏል። ያልነደደው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ባለመኪናው ጉልበት ስላነሰው ምን ይላል? «ፖምፓውን ክፈትልኝ»። መካኒኩም ይከፍትለታል። የጎደለው አየር ነው፤ የተጨመረው ናፍጣ ነው። ጭሱ ይጠቁራል፣ ሙቀቱ ይወጣል፣ ሲቆይ ቴስታታው ይሰነጠቃል ወይም ጓርኒሲዮኑ ይነዳል። አዲስ አበባ ላይ ትክክለኛው ሥራ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ጭሱ በጭንቅ እስኪታይ ድረስ ናፍጣውን መቀነስ ነው። የእውነት ጉልበት የፈለገ አየር የሚጨምር ቱርቦ ይግጠም፤ እሱም የራሱ ብዙ ዘመዶች አሉት።

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የነዳጅ ዓይነት ተጽፏል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለና ለውጡ ሳይመዘገብ ለክላውዶ ብትቀርቡ፣ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ሲጣላ ቦሎ አታገኙም። የሞተሩን የግዢ ሰነድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስቀምጡ።

የመኪናዋ ሥራ ሲያልቅ ከጋራዡ ከማውጣታችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ እርገጡት፣ እስኪደድር። እግራችሁን ሳታነሡ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ጥቂት ወደ ታች መውረድ አለበት። ካልወረደ ሞተሩን አጥፉና ኮፈኑን መልሳችሁ ክፈቱ።