ክብደት ከቀነሰ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ

ክብደት ስለ መቀነስ ብዙ ይጻፋል፤ ብዙም ይነገራል። የተቀነሰውን ክብደት ባለበት ስለ ማቆየት ግን የሚባለው ጥቂት ነው። አንድ ሰው 15 ኪሎ ግራም ለመቀነስ ሲነሣ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚተው ጠይቆና አንብቦ ይነሣል። ካሰበው ክብደት በደረሰ ማግሥት ምን ማድረግ እንዳለበት ግን የሚነግረው አያገኝም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀድሞው አመጋገቡ ይመለሳል፤ ክብደቱም ይመለሳል። ዘመድ ወዳጅም «ሆዱን መቻል አቃተው» ብሎ ይፈርድበታል። ፍርዱ ትክክል አለመሆኑን ለመረዳት በመጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል።

ሰውነታችን ተኝተን ሳለን እንኳ ለልብ ምት፣ ለትንፈሳና ሙቀቱን ለመጠበቅ ኃይል ያቃጥላል። በዕረፍት ጊዜ በቀን የሚቃጠለውን ኃይል በግምት ለማስላት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሚፍሊንና የሴንት ጆር ቀመር ያገለግላል። በቀመሩ መሠረት የአንድ ወንድ ክብደት በኪሎ ግራም በ10 ይባዛል፤ ቁመቱ በሴንቲ ሜትር በ6.25 ተባዝቶ ይደመርበታል፤ ዕድሜው በ5 ተባዝቶ ይቀነስለታል፤ በመጨረሻም 5 ይደመራል። ለሴት 5 በመደመር ፋንታ 161 ይቀነሳል። ዕድሜው 30 ዓመት፣ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 90 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው እንውሰድ። ውጤቱ 1,818 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሆናል። ይኸው ሰው 75 ኪሎ ግራም ሲደርስ ውጤቱ ወደ 1,668 ይወርዳል። መጠነኛ የዕለት እንቅስቃሴን ለመጨመር ሁለቱንም በ1.6 ብናባዛ 2,908 እና 2,668 እናገኛለን። ሰውዬው የሚሠራው ሥራና የሚሄደው መንገድ ሳይለወጥ፣ ሰውነቱ አነስተኛ ስለሆነ ብቻ የዕለት ወጪው በ240 ኪሎ ካሎሪ ቀንሷል ማለት ነው።

በተግባር ሲለካ ልዩነቱ ከዚህም ይበልጣል። በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ከክብደታቸው 10 በመቶ ቀንሰው በዚያው እንዲቆዩ የተደረጉ ሰዎች ከአዲሱ ሰውነታቸው መጠን ከሚጠበቀው ያነሰ ኃይል ሲያቃጥሉ ተገኝተዋል። ሰውነት ቁጠባ ጀምሯል ማለት ነው። ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ግምታዊ ሕግ ለእኛ ስሌት ይመቻል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የክብደት ለውጥ የዕለቱ የኃይል ሚዛን በ24 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይለወጣል። ለ15 ኪሎ ግራም 360 ኪሎ ካሎሪ መሆኑ ነው።

ቁጠባው እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ያሳየው በአሜሪካ ቴሌቪዥን «ዘ ቢገስት ሉዘር» በተባለው የክብደት መቀነስ ውድድር በተካፈሉ 14 ሰዎች ላይ የተደረገ ክትትል ነው። በ30 ሳምንት በአማካይ 58 ኪሎ ግራም ቀንሰው ነበር። ከ6 ዓመት በኋላ 41 ኪሎ ግራም ያህሉ ተመልሶባቸዋል። የሚያስገርመው ግን በዕረፍት ጊዜ የሚያቃጥሉት ኃይል ከሚጠበቀው በ500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አንሶ መገኘቱ ነበር። እርግጥ እንዲህ ያለው ከልክ ያለፈ ጥድፊያ ለተራው ሰው መለኪያ አይሆንም፤ የቁጠባው መጠንም ከሰው ሰው ይለያያል።

ከወጪው ማነስ ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ረሃቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን የሚያዘውን ዘረ መል አገኙ። ሌፕቲን ከስብ ሕዋሳት ይመነጫል፤ ለአንጎልም የስብ ክምችቱ ምን ያህል እንደሆነ ያሳውቃል። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ አንጎልም ጎተራው እንደ ጎደለ ቆጥሮ ረሃብን ይቀሰቅሳል። በአውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በ10 ሳምንት ጥብቅ አመጋገብ ክብደታቸውን የቀነሱ ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላም ሌፕቲንን ጨምሮ የረሃብና የጥጋብ ሆርሞኖቻቸው ወደ ቀድሞ መጠናቸው አልተመለሱም ነበር።

የረሃቡን ጉልበት በቁጥር የለካው ዘዴ በጣም ብልህ ነው። ካናግሊፍሎዚን የተባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት በቀን 360 ኪሎ ካሎሪ የሚያህል ስኳር በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። ታካሚው ይህን ኪሳራ አያየውም፤ በምግብም ራሱን አልከለከለም። እንዲያም ሆኖ ክብደቱ ሲቀንስ ሳያውቀው መብላቱን ይጨምራል። ሆልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ከዚህ ተነሥተው እንዳሰሉት፣ አንድ ኪሎ ግራም በቀነሰ ቁጥር የምግብ ፍላጎት በቀን በ100 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጨምራል፤ የሰውነት ወጪ የሚቀንሰው ግን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ ነው። እንግዲህ «ሆዱን መቻል አቃተው» የተባለው ሰው የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው። ሴማግሉታይድ የተባለው አዲስ መድኃኒትም ረሃብን በመቀነስ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ዘገባ መሠረት መድኃኒቱን ያቋረጡ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸዋል።

አሁን ወደ ሽግግሩ እንመለስ። ሰውዬው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ግራም እየቀነሰ ነበር እንበል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ የዕለት ጉድለቱ 550 ኪሎ ካሎሪ ነበር። ስለዚህ ቅነሳውን ለማቆም አሁን ከሚበላው ላይ 550 መጨመር አለበት፤ ከድሮው መጠን ግን 360 ጎድሎ ይቀራል። ሁለቱን ቁጥሮች ለይቶ ማወቅ የሽግግሩ ዋና ነገር ነው። 360 ኪሎ ካሎሪ ከባድ ይመስላል እንጂ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ነው። ብዙ ዘይት በሚፈስበት ወጥ ላይ ሊገኝ የሚችል ቁጠባ ነው። አስቸጋሪው በጋራ ገበታ ላይ የራስን ድርሻ ማወቅ ነው፤ ጉርሻንም ማንም አይመዝነውም።

550ው በአንድ ቀን አይጨመርም። በየሁለት ሳምንቱ ከ150 እስከ 200 እየጨመሩ የሚዛኑን አዝማሚያ ማየት ይሻላል፤ ቀመር ግምት ነውና የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ሚዛኑ ነው። በዚህ ወቅት ብዙዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። ምግብ ሲጨመር፣ በተለይ እንጀራና ዳቦ፣ በጉበትና በጡንቻ የሚከማቸው ግላይኮጅን ይሞላል፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ ሚዛኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችላል። ይህ ስብ አይደለም። ደንግጦ እንደገና መጾምም ሆነ ተስፋ ቆርጦ ሁሉን መተው አያስፈልግም። ሁዳዴን ጾሞ በፋሲካ ሳምንት በሚዛን ላይ የወጣ ሰውም የዚህን ዓይነት ጭማሪ ሊያይ ይችላል።

የሰውነት እንቅስቃሴ ክብደት ለመቀነስ ካለው ጥቅም ይልቅ ለማቆየት ያለው ይጎላል። በውድድሩ ከተካፈሉት 14 ሰዎች ክብደታቸውን ይበልጥ ያቆዩት እንቅስቃሴያቸውን በብዙ የጨመሩት ናቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው፣ 13.6 ኪሎ ግራም ቀንሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያቆዩ ሰዎችን የሚመዘግበው ብሔራዊ መዝገብ አባላትም በቀን በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል እንደሚንቀሳቀሱ ተናግረዋል፤ አብዛኞቹ የሚመርጡት በእግር መሄድን ነው። እነዚህ ሰዎች የተሳካላቸው ብቻ ስለሆኑ እንቅስቃሴው ብቻውን መንስኤ መሆኑን መዝገቡ አያረጋግጥም።

ከመዝገቡ መሥራቾች አንዷ ሬና ዊንግ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ በዚህ ረገድ የተሻለ ማስረጃ ነው። ክብደት የቀነሱ 314 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፍለው ነበር። ሁለቱ ቡድኖች በየቀኑ እንዲመዘኑና የክብደታቸው ጭማሪ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ወዲያው አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን እንዲያስተካክሉ ተማሩ። አንደኛው ትምህርቱን በአካል፣ ሌላው በኢንተርኔት ተከታተለ። ሦስተኛው ቡድን በየሦስት ወሩ መልእክት ብቻ ይላክለት ነበር። ከ18 ወራት በኋላ 2.3 ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ በላይ የተመለሰባቸው ከሦስተኛው ቡድን 72 በመቶ፣ በኢንተርኔት ከተማሩት 55 በመቶ፣ በአካል ከተማሩት 46 በመቶ ነበሩ።