ይዘቱን የማያይ አስተላላፊ፦ የቶር መውጫ ጣቢያ አንቀሳቃሾች የወንጀል ተጠያቂነት

የቶር መረብ የተጠቃሚውን መልእክት በተለምዶ በሦስት አስተላላፊ ጣቢያዎች በኩል ያሳልፋል። የመጀመሪያው ላኪውን እንጂ መድረሻውን አያውቅም፤ መውጫ ጣቢያ የሚባለው የመጨረሻው ደግሞ መድረሻውን እንጂ ላኪውን አያውቅም። ይሁንና በተቀባዩ ሰርቨር ላይ ተመዝግቦ የሚቀረው የመውጫ ጣቢያው የአይፒ አድራሻ ነው። ወንጀል ሲፈጸም ፖሊስ በቅድሚያ የአንቀሳቃሹን በር የሚያንኳኳው በዚሁ ምክንያት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ መመሪያ አንቀጽ 12 መሠረት፣ ስርጭቱን ያልጀመረ፣ ተቀባዩን ያልመረጠ፣ ይዘቱንም ያልመረጠ ወይም ያልለወጠ አስተላላፊ በይዘቱ አይጠየቅም። ድንጋጌው ዛሬ በደንብ ቁጥር 2022/2065 አንቀጽ 4 ተተክቷል። የመውጫ ጣቢያ ሥራ ከዚህ መግለጫ ጋር ይገጥማል። ጥያቄ የሚያስነሳው ጥበቃው የተሰጠው «በተለምዶ በክፍያ ለሚቀርብ» አገልግሎት መሆኑ ነው፤ አብዛኞቹ አንቀሳቃሾች ግን በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ጥበቃው ፍጹም አለመሆኑን የኦስትሪያዋ የግራዝ ከተማ ጉዳይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፖሊስ የአንድ ወጣት አንቀሳቃሽን ቤት ፈተሸ፤ ምክንያቱም በጣቢያው በኩል የሕፃናት ወሲባዊ ምስሎች መተላለፋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በወንጀል ተባባሪነት ጥፋተኛ ተብሎ በሦስት ዓመት የገደብ ጊዜ ተፈረደበት። ፍርዱ በስፋት «ጣቢያ ማንቀሳቀስ ወንጀል ሆነ» ተብሎ ተተርጉሟል። ይህ ንባብ የተቻኮለ ይመስላል። ተከሳሹ በጽሑፍ ምልልስ፣ አገልግሎቱ ለእንዲህ ያለው ይዘት ጭምር እንደሚውል መናገሩ በማስረጃነት ቀርቦበት ነበር። ክርክሩ የዞረው በድርጊቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በሐሳብ ክፍሉ ላይም ነው።

የጀርመን ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 በሰጠው ውሳኔ ደግሞ፣ በአዲሱ ሕግ መሠረት የመውጫ ጣቢያ አንቀሳቃሽ በሌሎች የቅጂ መብት ጥሰት ላይ የእገዳ ትእዛዝ እንደማይሰጥበት፣ ሆኖም የተወሰነ ይዘት እንዲዘጋ ሊጠየቅ እንደሚችል ገልጿል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚመለከተው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። አንቀጽ 16 አገልግሎት ሰጪን የሚጠይቀው በስርጭቱ በቀጥታ ሲሳተፍ፣ ወይም ሕገ ወጥነቱን እያወቀ ወይም ከሚመለከተው አካል ማሳሰቢያ ደርሶት ይዘቱን ሳያስወግድ ወይም ሳይዘጋ ሲቀር ነው። ድንጋጌው የተጻፈው ይዘት ለሚያከማች ሰው ታስቦ ይመስላል፤ መረጃው በቅጽበት የሚያልፍበት ጣቢያ ምን ያስወግዳል? ከዚህ የሚከብደው አንቀጽ 24 ነው። የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት መያዝ ግዴታ ሲሆን፣ የቶር ሶፍትዌር ግን በመደበኛ አሠራሩ እንዲህ ያለ መዝገብ አይይዝም። አንቀሳቃሹ ግዴታውን ቢፈጽም እንኳ በመዝገቡ የሚገኘው ከእሱ በፊት ያለው ጣቢያ አድራሻ እንጂ የላኪው አይደለም።