አንድ ውጤት፥ ሁለት ምክንያቶች

ተማሪዎች፥ ስለ ምክንያትና ውጤት በምትጽፉት ድርሰት ውስጥ ስሕተት የሚበዛው ምክንያቱን ባለማወቅ አይደለም። ሁለት ምክንያቶች በአንድነት ሲሠሩ ግንኙነታቸውን የሚገልጸውን ቃል በሚገባ ባለመምረጥ ነው። ለዚህ ትምህርት ምሳሌ የሚሆነን ጉዳይ ከሩቅ አገር፥ ከደቡብ ቺሌ የባሕር ዳርቻ የተወሰደ ነው። ምንባቡን በጥሞና አንብቡ።

በፖርቶ ሞንት ከተማና በቺሎዌ ደሴት አካባቢ ሳልሞን የተባለው ዓሣ በባሕር ውስጥ በተዘረጉ ትላልቅ የመረብ በረቶች ይረባል። ዓሣው የዚያ ባሕር ተወላጅ አይደለም፤ ሰው ከሰሜኑ የዓለም ክፍል ያመጣው ነው። በአንድ በረት ውስጥ ብዙ ሺህ ዓሦች ተጠጋግተው ስለሚኖሩ፥ ሕመም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመተላለፍ ጊዜ አይወስድበትም።

ከጠላቶቻቸው አንዱ «የባሕር ቅማል» ይባላል። ስሙ ቅማል ይሁን እንጂ ከከብት ቅማል ወገን አይደለም፤ ዝምድናው ከሸርጣን ጋር ነው። ከዓሣው ገላ ላይ ተጣብቆ ቆዳውንና ቆዳውን የሚሸፍነውን ዝልግልግ ፈሳሽ ይመገባል። በቺሌ የሚገኘው ዝርያ የሳይንስ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሁለተኛው ጠላት በዓይን የማይታይ፥ ፒሲሪኬትሲያ ሳልሞኒስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። እርሱም በዓሣው ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ እየተራባ ጉበቱን፥ ኵላሊቱንና ጣፊያውን ይጎዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 በዚያው በቺሌ፥ ኮሆ ከተባለው የሳልሞን ዓይነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ሁለቱን ጠላቶች አንድ ላይ መረመረ። ቅማልም ባክቴሪያም የያዛቸው ዓሦች፥ ባክቴሪያው ብቻ ከያዛቸው ይልቅ በብዛት ሞቱ። ቅማሉ ዓሣውን ስላዳከመው ባክቴሪያውን የመቋቋም ኃይሉ ቀንሶ ነበር።

ሕክምናውም ቀላል አይደለም። ፀረ ባክቴሪያው መድኃኒት የሚሰጠው ከምግብ ጋር ተደባልቆ ነው፤ የታመመ ዓሣ ግን ምግብ ይተዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ በይበልጥ የሚደርሰው ገና ላልታመመው ነው። ቅማሉም በበኩሉ ለረዥም ጊዜ ሲያጠፋው የነበረውን መድኃኒት ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ዓመታት እየተላመደው መጣ።

አሁን ደግሞ የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. ዓሦቹ በቅማልና በባክቴሪያ ምክንያት አለቁ።

ለ. ቅማሉ ዓሦቹን ስላዳከማቸው ባክቴሪያው በቀላሉ ፈጃቸው።

የ«ሀ» ዓረፍተ ነገር ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። «ና» የተባለው መስተፃምር ሁለት ስሞችን ከመደርደር አልፎ አንዱ ለሌላው ምን እንዳደረገለት አይናገርም። አንባቢው ግማሾቹ በቅማል፥ ግማሾቹ በባክቴሪያ የሞቱ ሊመስለው ይችላል። የዓሣ ርባታው ኀላፊ ይህን ዘገባ ቢያነብ ባክቴሪያውን ለማጥፋት መድኃኒት አዝዞ ቅማሉን ለሌላ ቀን ሊያቆየው ይችላል። በ«ለ» ግን «ስለ» የመጀመሪያውን ድርጊት ከሁለተኛው ጋር ስላሰረው፥ ኀላፊው ቅማሉን ሳይቈጣጠር ባክቴሪያውን መዋጋት ከንቱ ድካም መሆኑን ይረዳል። («ስለ» ያለበትን ሐረግ በሰዋስው «ጥገኛ» እንለዋለን፤ እንደ ቅማሉ ሁሉ ብቻውን መቆም አይችልምና።)

ይሁን እንጂ «ስለ»ንም ያለ ቦታው አታግቡ። አንድ ተማሪ «ባሕሩ ውስጥ ቅማል ስላለ ባክቴሪያው ተፈጠረ» ብሎ ቢጽፍ ከ«ሀ» የባሰ ይሳሳታል። ከላይ የተጠቀሰው ኮሆ ቅማሉን በሚገባ የሚቋቋም ዓሣ ነው፤ ነገር ግን ባክቴሪያው መጀመሪያ የተገኘው በእርሱ ላይ ነው። ቅማሉ መንገዱን ያቀናል እንጂ ባክቴሪያውን አይወልድም። እንዲህ ባለው ጊዜ «አባባሰ»፥ «አመቻቸ»፥ «አገዘ» የሚሉት ግሦች ከ«አስከተለ» ይልቅ እውነቱን ይገልጻሉ።

መልመጃ፦ «ዓሦቹ ምግብ ተዉ። መድኃኒቱ አልሠራም። ዓሦቹ ሞቱ።» እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ዓረፍተ ነገር አያይዛችሁ ጻፉ። በ«ና» ብቻ አታያይዟቸው።