የጋሪ ፈረሴ የብልት ሽፋን አበጠ

ጥያቄ፦ ጊንጪ ላይ ጋሪ የሚጎትተው ድንጉላ ፈረሴ የብልቱ ሽፋን አብጧል። በሳሙና ባጥበው ይድናል?

መልስ፦ እጥበት የሚያድነው ቆሻሻ ያመጣውን ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ በጣትዎ ጫን ያድርጉት። ከጎደጎደ፣ ካልሞቀና ካላመመው ብዙውን ጊዜ ቆሞ ከመዋል የመጣ ነው፤ ሲንቀሳቀስ ይቀንሳል። ትኩስና የሚያመው ከሆነ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ይጠርጥሩ። «እድፍ ነው» የሚሉትም አልተሳሳቱም፤ እድፉ ሽንት መውጫው አጠገብ እንደ ባቄላ ጠጥሮ ሽንት ሊያስጨንቅ ይችላል። ያም ቢሆን ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ የልብስ ሳሙናና በረኪና ስሱን ቆዳ ይልጣሉ። ድንጉላ በመሆኑ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዱሪን ነው፦ በአርሲና በባሌ ደጋ የታወቀ፣ በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ። እብጠቱ አያምም፣ እየጠፋ ይመለሳል፤ ፈረሱ እየበላ ይከሳል፣ የኋላ እግሩ ይደክማል። ስለዚህ እስኪመረመር ከባዝራ ያርቁት፤ መሽናት ካቃተው ግን በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይየው።